ሄልስ ጌት በሳይክል፦ ከጎሹ በፊት አመዱን ፍራ

ጥያቄው፦ «ናይሮቢ ለሥራ ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ናይቫሻ አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማውንቴን ባይክ መንዳት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። አንዱ የልጆች መንገድ ነው ይለኛል፣ ሌላው ሞቼ ተመለስኩ ይላል። የራሴ ሳይክል አለኝ። ባለቤቴ ግን ከልጅነቷ ወዲህ ነድታ አታውቅም። የትኛውን መንገድ እንያዝ? አውሬውስ? ሳይክል ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያው ልከራይ?»

መልስ፦

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የልጆች መንገድ ያለህ ሰው በኤልሳ በር ገብቶ፣ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ ተመልሷል። ሞቼ ተመለስኩ ያለህ ደግሞ «በፋሎ ሰርኪት» (የጎሽ ዙር) የሚባለውን የላይኛውን መንገድ ይዟል። ምናልባትም በቀትር፣ ምናልባትም በተከራየው ሳይክል። ፓርኩ አንድ ቢሆንም መሬቱ ብዙ ዓይነት ነው።

ሰው ይዤ ወደዚያ መሄድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ አንበሳ ነው። ማታ ስንመለስ የሚያወሩት ግን ስለ አመዱ ነው። ስለዚህ ከመሬቱ ልጀምር፣ አውሬው ይደርሳል።

ሄልስ ጌት ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ከናይቫሻ ሐይቅ በስተደቡብ ነው። ፓርክ የሆነው በፈረንጆቹ 1984 ሲሆን ስፋቱ ከ68 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ትንሽ ነው። ግን በአንድ ወገኑ ሎንጎኖት፣ በሌላ ወገኑ ኦልካሪያ አሉ። ሁለቱም እሳተ ገሞራዎች ናቸው፣ በመሬት ዕድሜ ሲታይ ደግሞ ትናንት ነው የተኙት። ኦልካሪያ እንዲያውም በደንብ አልተኛም። እንፋሎቱ እስከ ዛሬ ይወጣል። ጎማህ የሚረግጠው ሁሉ ከእነዚህ ሆድ የወጣ ነው።

አመድ ስልህ የምድጃውን አመድ እንዳታስብ። የእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጨ ድንጋይና የተፈጨ ብርጭቆ ነው። ቅንጣቱ ሹልና ጠርዛም ነው። እንደ ሸክላ አፈር አይጣበቅም፣ ተረግጦም እንደ ቀይ አፈር አይጠነክርም። ደረቅ ሲሆን ጎማ ይውጣል። ከላይ ሲታይ ግን ለጥ ያለ፣ ጥሩ መንገድ ይመስላል። የሚያታልለውም ይኸው ነው።

እኔ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የምለየው። ጠንካራው ፒስታ ላይ ስትሄድ ከጎማው ሥር የጠጠር ጭርጭርታ ይሰማል። አመድ ውስጥ ስትገባ ድምፁ ድንገት ይጠፋል። ልክ ምንጣፍ ላይ እንደወጣህ ዝም ይላል። ያኔ የፊት ጎማው ወዴት እንደሚሄድ አንተ አይደለህም የምትወስነው። ድምፁ ሲጠፋ ሦስት ነገር አድርግ። ወደ ኋላ ትንሽ ሸሸት በል። መሪውን ለቀቅ አድርገህ ያዝ። ፔዳሉን አታቋርጥ። የፊት ፍሬን ደግሞ በጭራሽ! የፊት ጎማው ይቀበርና አንተ በላዩ ላይ ታልፋለህ። አመዱ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አትጎዳም፣ ግን ለአንድ ሳምንት ከጆሮህ ውስጥ ስታወጣው ትኖራለህ።

አሁን ወደ መንገዶቹ።

የታችኛው መንገድ ከኤልሳ በር ተነስቶ ኦል ንጆሮዋ እስከሚባለው ጠባብ ሸለቆ ድረስ ይሄዳል። አንድ ጉዞ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የሚሄድበት ሰፊ ፒስታ ነው። ግራና ቀኝ ቀያይ ገደል ይዘህ በመሃል ትነዳለህ። ለባለቤትህ የምመርጥላት ይህን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፦ ሲሄዱ በጣም የሚያስደስተው መንገዱ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ነው። ዓይን አያየውም፣ እግር ግን ሲመለስ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ሸለቆው ጋ ሲደርስ «ይኼ ብቻ ነው እንዴ?» ይላል። በመመለሻው ላይ ማንም እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ከበሩ ብዙም ሳትርቅ ፊሸርስ ታወርን ታገኛለህ። 25 ሜትር የሚሆን ብቻውን የቆመ የድንጋይ ምሰሶ ነው። የቀለጠ ድንጋይ በመውጫው ጉሮሮ ውስጥ ደርቆ ቀረ፤ በዙሪያው ያለው ለስላሳው ተሸርሽሮ ሲሄድ እሱ ብቻውን ተረፈ። ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 1883 በዚያ ካለፈው ጀርመናዊ አሳሽ ከጉስታቭ ፊሸር ነው። ማሳዮች ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ለጋብቻ ከቤቷ የወጣች ልጅ ወደ ኋላ አትዙሪ ተብላ ዞር ብላ ስታይ ድንጋይ ሆነች ይላሉ። የሎጥን ሚስት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ ፈገግ ይላል። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የሚሯሯጡት ሽኮኮዎች ናቸው። ከሳይክል ላይ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ውሃ እዚያ ጠጡ።

በዚህ መንገድ ላይ ዋናው ችግር መንገዱ ራሱ እንደ ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ልቅ የሆነ ደረቅ መሬት ላይ መኪና በፍጥነት ሲመላለስ ጎማው እየነጠረ ትንንሽ ጉብታ ይሠራል። ቀጣዩ መኪና ያንኑ ያሳድገዋል። ውጤቱ እጅ የሚያደነዝዝ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ጠርዝ መያዝ ነው። የመንገዱ ዳር ብዙ ጊዜ ለስለስ ይላል። ግን ከመንገዱ ወጥተህ ሣሩ ላይ አትንዳ። ክልክል ነው፣ ደግሞም ከሣሩ ሥር ያለው አመድ አንዴ ከተቀደደ ነፋስና ውሃ እየወሰደው ቦይ ይሆናል። ባለፈው ሰው ጎማ የተጀመረ፣ ዛሬ ጉልበት የሚውጥ ቦይ አይቻለሁ።

በፋሎ ሰርኪት ሌላ ነገር ነው። ከታችኛው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። ማውንቴን ባይክህን ለምን እንደገዛህ የሚገባህ እዚያ ነው። መኪና እምብዛም አይመጣም። ላይ ስትደርስ ሎንጎኖት 2,776 ሜትሩን ይዞ ፊት ለፊትህ ይቆማል። (ሎንጎኖት ራሱ የእግር ጉዞ ተራራ ነው። ሳይክል ይዘህ አትድከም።) ግን አቀበቱ ላይ አመዱ ወፍራም ነው። ጎበዝ የሚባለውም ቢሆን ወርዶ ይገፋል። እኔም እገፋለሁ፣ አላፍርም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ተሽከርካሪ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ከገባህ እስከ መጨረሻው መውጫ የለህም። ከመግባትህ በፊት የትኛውን መስመር እንደምትይዝ ከላይ ሆነህ ወስን። ዓይንህን ከፊት ጎማህ አንሳና አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ወደፊት እይ። ይህን ዙር ብቻህን አትሂድ። ከታችኛው መንገድ በፊትም አትጀምረው።

ትዊጋ ሰርኪት የሚባልም አለ፤ ትዊጋ በስዋሂሊ ቀጭኔ ማለት ነው። በኦልካሪያ በኩል ነው ያለው። በዚያ ወገን የባልጩት ዋሻ ይገኛል። ባልጩቱ ለሳይክል ነጂ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ባልጩት ፈጥኖ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ ይሆናል። የናይቫሻን ባልጩት ሰዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ቢላና መፋቂያ ሲሠሩበት ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ጎማ ይቀደድበታል። አንድ ጊዜ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ካላማዳሪውን አወጣሁ፣ አዲስ አስገባሁ፣ ነፋሁ፣ ተነሳሁ። ሦስት ደቂቃ ሳልነዳ ደግሞ ፍስስ! ቸኩዬ ነው። የቀደደው ስባሪ ጎማው ውስጥ እንደተሰካ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ በጣቴ ስፈልገው ጣቴን ቆረጠኝ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥቁር ስባሪ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የጎማውን ውስጥ የምጠርገው በካልሲ ነው። ካልሲው ዙሪያውን ሲሄድ ክሩ ይያዝና ስባሪው ያለበትን ይነግርሃል። ግራር እሾህም ቢሆን እንደዚሁ ነው የሚገኘው። ካላማዳሪ ከመመለስህ በፊት ደግሞ ጎማውን አራግፍ፤ ውስጡ የቀረ አመድ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል።

ካላማዳሪ አልባ ጎማ ካለህ፣ መድፈኛ ፈሳሹን አድሰህ ና። ከሌለህ ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ፖምፓ ያዝ። ፓርኩ ውስጥ የሚሸጥልህ የለም። አየሩን ደግሞ ቀንስ። ጎማህ ሰፊ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (በፖምፓው ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። ውጥር አድርገህ ከነፋኸው አመዱን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል፣ ይሰምጣል። ካላማዳሪ ካለው ግን ከዚህ በታች አትውረድ። ድንጋይ ሲመታህ ጎማው ከቸርኬው ጋር ይጋጭና ካላማዳሪው በሁለት በኩል ይቀደዳል።

ለካቴና የምትቀባው ዘይት ወፍራም አይሁን። ወፍራም ዘይትና አመድ ሲገናኙ ብረት የሚፈገፍግ ሊጥ ነው የሚሆኑት። ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላሉ። ሰም ያለው ደረቅ ቅባት ይሻላል። እሱ ከሌለ ቀጭን ዘይት ቀብተህ ላዩን በጨርቅ ጥረገው፣ ዘይቱ በካቴናው ውስጥ ብቻ ይቅር።

አሁን አውሬው።

እዚህ ፓርክ ውስጥ በእግርና በሳይክል መሄድ የተፈቀደው አዳኝ አውሬ ጥቂት ስለሆነ ነው። ነብር አለ፣ ግን ማየት ዕድል ነው። አንበሳ ብርቅ ነው። የምታየው የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔ፣ ከርከሮ፣ ቆርኬና የሜዳ ፍየል ነው። መንገድ ላይ ቆመው ታገኛቸዋለህ። ቁም፣ ያልፋሉ። ደወል አትደውል፣ ፎቶ ለማንሳትም አትጠጋ። እናትና ልጅ መሃል አትግባ።

የምጠነቀቀው ጎሽ ነው። መንጋው ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከመንጋው የወጣ ሽማግሌ ወንድ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ብቻውን የሚተኛው። ሳይክል ድምፅ ስለሌለው ሳያውቅህ ትደርስበታለህ፣ ጠቡም ከዚያ ይመጣል። ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ እያወራህ ሂድ። ካየኸው ቆመህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተመለስ። መንገዱን ከዘጋው መኪና እስኪመጣ ጠብቅ። መኪናው በአንተና በእሱ መሃል ሆኖ ያሳልፍሃል። ሾፌሮቹ ይህን ለምደውታል።

ዝንጀሮው ሌላ ምዕራፍ ነው። ሸለቆው ጋ ባለው ማረፊያ ምሳህን ከቦርሳህ ስታወጣ ከየት እንደመጣ አታውቀውም። ብስኩት በመሪ ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ለዝንጀሮ ነው የገዛው።

ሸለቆው ሳይክሉን አስቀምጠህ፣ ቆልፈህ፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር የምትገባበት ነው። የናይቫሻ ሐይቅ ውሃ ከዛሬው በጣም ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን በዚህ በኩል ሲፈስ ነው የቆረጠው። ግድግዳው የተጠረበ ይመስላል። ከድንጋዩ መሃል ፍል ውሃ ይንጠባጠባል፣ በእጅህ ቀስ ብለህ ካልሆነ አትንካው። ውብ ቦታ ነው። ግን ጠባብ ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ወጣቶችን ወስዷል። በ2019 ደግሞ ጎብኚዎችና አስጎብኚያቸው በዚያው ሸለቆ ሞተዋል። ጎርፉን የሚያመጣው ዝናብ አንተ ካለህበት ርቆ ሊዘንብ ይችላል። ከራስህ በላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ በላይኛው በኩል ግን ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ በየትኛውም በኩል ደመና ካየህ አትግባ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዋናው ዝናብና በኅዳር አካባቢ በሚመጣው አጭሩ ጊዜ እኔ ሰው ይዤ አልገባም። ጠባቂዎቹ ተዘግቷል ካሉ ደግሞ አትከራከር። «ከሩቅ ነው የመጣነው» የሚባለው ነገር ለጎርፍ አይነገርም።

ጉልበት ከተረፈህ በመጣህበት ከመመለስ ይልቅ በኦልካሪያ በኩል ዞረህ በኦልካሪያ በር መውጣት ትችላለህ። አስገራሚ መንገድ ነው። ኬንያ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረችው እዚያ ነው፣ በፈረንጆቹ 1981። ፓርኩ የታወጀው ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ቀጭኔና ቧንቧ አብረው ይኖራሉ። ብራማ ቧንቧዎች ሜዳውን አቋርጠው ይሄዳሉ። ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ትልቅ በር ቀጥ ብለው ወጥተው ይታጠፋሉ። ቧንቧው በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይሰበር ነው የተጠማዘዘው። የእንፋሎት ጉድጓድ ሲለቀቅ የሚሰማው ጩኸት የአውሮፕላን ያህል ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣብህ ደግሞ የምድር ጋዝ ነውና ለሽርሽር አትቁምበት፣ እለፍ። መንገዱ አስፋልት አለው፣ ግን ዳገት ነው፣ ከባድ መኪናም ይመላለሳል። ለባለቤትህ አይሆንም። ለአንተ በሌላ ቀን።

ሳይክሉን በተመለከተ፣ የራስህን ይዘህ ሂድ። ከናይሮቢ በመኪና ጭነኸው፣ እንጂ እየነዳኸው አይደለም። ያ አውራ ጎዳና የጭነት መኪና መንገድ ነው። ለባለቤትህ እዚያው ተከራይ። ከሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ፓርኩ በሚታጠፍበት ቦታና በበሩ አካባቢ አከራዮች አሉ። ግን ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ሳይክሉን አንሳው። ሁለቱንም ጎማ አሽከርክርና ቸርኬው ይወላገድ እንደሆነ እይ። ፍሬኑን ይዘህ ወደፊት ግፋው፣ ከሄደ ሌላ ጠይቅ። ማርሹ ሁሉ ባይሠራ ግድ የለም፣ ቀላሉ ማርሽ ግን መግባት አለበት። መመለሻው ላይ የሚያስፈልጋት እሱ ነው። መቀመጫውን ለቁመቷ አስተካክል። አብዛኛው ሰው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው ጉልበቱን አሞኝ የሚለው።

ፔዳሉንም በእጅህ አወዛውዘው። አንድ ጊዜ ከመጣ እንግዳ ጋር ስንነዳ የተከራየው ሳይክል የግራ ፔዳል መንገድ ላይ ወለቀ። እንግዳዬ ቀልጠፍ ብሎ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሊያጠብቀው ሞከረ። የግራ ፔዳል ግን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ግድ ብሎ ሲያስገባው ጥርሱን ጨረሰውና ስድስት ኪሎ ሜትር በእግር ገፍተን ወጣን። አከራዩ ሊቀጣን ፈልጎ ነበር። ያን ቀን የተከራከርኩትን ያህል በሕይወቴ ተከራክሬ አላውቅም።

ሰዓት። በሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። 1 ሰዓት ላይ መንዳት ከጀመራችሁ መሬቱ በሌሊቱ ርጥበት ጠንከር ያለ ነው፣ አመዱም ይይዛል። 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያው አመድ ይላላል፣ ፀሐዩም ገደሉ ላይ አንጸባርቆ ከሁለት በኩል ይመታል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካለህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግርህ ግን ያው ሰዓት 8 ይሆናል። ከአስጎብኚ ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው እንደተነጋገራችሁ አጣራ። እኔ በዚህ ስድስት ሰዓት ሙሉ የጠበቅሁት ሰው አለ።

ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በኢንተርኔት ስለሆነ ከቤት ሳትወጣ ጨርስ። ናይሮቢ የምትሠራ ከሆነ የነዋሪ ዋጋ ይመለከትሃል፣ ግን መታወቂያህን ካላሳየህ እንደ ቱሪስት ነው የምትከፍለው። ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ።

ለመጀመሪያ ቀን የማወጣልህ ፕሮግራም ይህ ነው። ሁለታችሁም በታችኛው መንገድ እስከ ሸለቆው ሂዱ። ባለቤትህ ቀድማ ትንዳ፣ አንተ ከኋላ። ሰው ከኋላ ሆኖ ሌላውን ሲከተል ነው ከአቅሙ በላይ የሚነዳው፣ ስለዚህ ፍጥነቱን እሷ ትወስን። ማረፊያው ጋ ስትደርሱ እግሯ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ጠይቃት። ከተንቀጠቀጠ ሸለቆውን ለሌላ ጊዜ ተዉትና ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ ተመለሱ። ካልተንቀጠቀጠ ግቡ። በፋሎ ሰርኪትን በሚቀጥለው ጊዜ፣ ከአንድ ሳይክል ከሚያውቅ ጓደኛ ጋር፣ በ1 ሰዓት ጀምረው። ካልሲ እንዳትረሳ።